መኪናው ማክሰኞ ይመጣል

ሬሳው አረንጓዴ ነበር። እስከ ሐሙስ ቢጫ ይሆናል፤ እስከ ቅዳሜ ዝንብ ይቀብረዋል።

ኢንስፔክተር ባዘዘው በላንቴ ቀበሌ መንገድ ዳር የተከመረውን ሙዝ ቆሞ አየ። ከጓሮው የቆረጠው የራሱም ዘለላ መሀሉ አለ። ገበሬዎቹ ስልካቸው ላይ ያለው አፕ «መኪናው ማክሰኞ ይመጣል» ብሏቸው ጎህ ሳይቀድ ቆርጠው ነው። ማክሰኞ መጣ፤ መኪናው ቀረ። ነጋዴ የሚጭነው አረንጓዴውን ብቻ ነው፤ የተቆረጠ ሙዝ ደግሞ ተመልሶ አይሰቀልም።

አፑን የሠራችው ልክነሽ ከአባቷ ክምር አጠገብ ተቀምጣለች። በ2008 ዓ.ም. አርባ ምንጭ አፕ መሥራት ተማረች፤ ከያን ጊዜ ጀምሮ ገበሬው የመኪና ቀን ለማወቅ ደላላ ደጅ መጥናት ትቶ ነበር።

«ዓርብ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ። ሰው ገብቶ ቀይሮታል። አሁን ማን ያምነኛል?»

አንዱ ገበሬ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊቷ አፑን አጠፋው።

ባዘዘው መጀመሪያ ያፋጠጠው ደላላውን ዳልጮን ነው። ሙዙን በርካሽ ሊገዛ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ እሱ ነበር።

«ጌታዬ ኮማንደር...»

«ኢንስፔክተር ነኝ።»

«ይደርሳሉ። እኔ አሞራ ነኝ፤ ሬሳ አይቼ ወረድኩ እንጂ አልገደልኩም። ስልኬን ይዩት።»

ባትሪዋ በላስቲክ የታሰረች፣ ከመደወልና ከመብራቷ ሌላ የማታውቅ ስልክ ናት።

ቀጥሎ ልክነሽን አፕ ያስተማራት አሠልጣኝ፣ መምህር አለምሰገድ።

«አፑን ማን ሊቀይረው ይችላል?»

«ቁልፉ ያለው። አዲሱ እትም በዚያው በፊተኛው የምስጢር ቁልፍ ካልተፈረመ ስልክ አይቀበለውም።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

አለምሰገድ መነጽሩን ጠረገ። «ሁሉም ጋ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ኢንተርኔቱ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። ለየአንዳንዱ ቁልፍ ማውጣት ሰለቸኝና አንድ ቁልፍ አውጥቼ ለክፍሉ ሁሉ አደልኩ። እንደ እድር ድንኳን።»

«የእድር ድንኳን እንኳ ጠባቂ አለው፣ መምህር።»

ባዘዘው ደጅ ወጣ። በሩ ላይ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ቀጥ አለ።

ሰኞ ዕለት ካሱ የሚባል ከልክነሽ ጋር አንድ ክፍል የሠለጠነ፣ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ፣ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ነበር። እሱም የመኪና ቀን የሚናገር አፕ ሠርቷል፤ «ልጫንልዎት» ብሎ ለመነው። ባዘዘው ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ «የልክነሽ ይበቃኛል» ብሎ ሸኘው። ልጁ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «የሷ ነገ ቢሳሳትስ?» አለው።

ያኔ ቅናት ብቻ መስሎት ነበር። ግን ሰማዩ ሳይጠቁር ጃንጥላ ይዞ የሚዞር ማን ነው?

ካሱ ብዙ አላስለፋውም።

«ዳልጮ ነው ያዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ?»

«ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነበርኩ። የሷን አገር ሁሉ ጫነው። የኔን የጫነችው እናቴ ብቻ ናት። እሷም ያለችው ጨንቻ ነው፤ ደጋ ላይ ሙዝ የለም።»

«ከዚያስ?»

«የሷ አንድ ቀን ቢሳሳት ወደኔ ይመጣሉ አልኩ። ሙዙን አላሰብኩትም።»

«አባትህ የሰው ድር በጥሶ ያውቃል?»

ካሱ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ልክነሽ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ሳር የያዘ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ይቅር አለች። ከዚያ ወደ ባዘዘው ዞረች።

«ለሱ ሳር ተያዘለት። ገበሬው እንዲያምነኝ ለኔ ማን ይያዝልኝ?»



ዓርብ መኪናው መጣ። የልክነሽ የተስተካከለው አፕም፣ የካሱም ዓርብ ብለው ነበር። ማንም አልቆረጠም። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ጠበቀ፣ ባዶውን ተመለሰ። ከዛፉ ሥር ዳልጮ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ መቼ እንቁረጥ ለሚሉት ሁሉ ቀን እየቆረጠ ነው።

ባዘዘው ስልኩን አወጣ። ለምርመራ ብሎ የካሱን አፕ ጭኖታል። ግርጌው ላይ፣ «የጫኑ ሰዎች፦ ሁለት» ይላል።

አንዷ እናቱ ናት።