የፓራሹቱ ቀሚስ

«እጅሽን አንሺ እንጂ» አለች አበበች፣ መርፌዋን ከጥርሷ እያወጣች።

እቴነሽ እጇን አነሳች። ነጩ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ አረፈ። ነገ ከተራ ነው። በዚያ ዓመት ደብረ ታቦር ውስጥ አዲስ ጨርቅ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎም አይገኝም ነበርና፣ ጓደኞቿ በቅናት እርር ማለታቸው አይቀርም። ጨርቁ ከየት እንደመጣ ግን ከእናትና ልጅ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ ወታደሮች ከአውሮፕላን መዝለል ይለማመዱ ነበር። አንዱ ወታደር ፓራሹቱ በቅጡ ሳይዘረጋለት ማሳቸው ላይ ወደቀ። ቀድማ የደረሰችው እቴነሽ ናት። ወታደሩ ገና ጢም እንኳ ያላወጣ ልጅ ነበር።

«መሬት ደረስኩ?» አላት ዐይኑን ገልጦ። «የመጀመሪያዬ ነው እኮ። ስመ ክርስትናዬ ወልደ ገብርኤል ነው… ለቄስ ንገሪልኝ።»

ይህን ብሎ ሞተ። አበበች ደርሳ፣ ሰው ሳይመጣ ከፓራሹቱ ጨርቅ በማጭድ ቆርጣ ነዶ ስር ሸጎጠች። መቶ አለቃው ሲጠይቃት «ከሩቅ ነው ያየነው» አለች። እቴነሽም አብራ ዋሸች። ልጁ እዚያው ደብር ተቀበረ። ስመ ክርስትናውን የሚያውቅ ጠፍቶ፣ የደብሩ አገልጋይ ቄስ መዝገቡ ሙታንን በየስማቸው ሲያስቡ እሱን መጥራት አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ እቴነሽ ቀና ብላ ሰማይ ማየት ፈራች። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ጀርባውን ሲሰጥ የሟቹ ልጅ ድምፅ ጆሮዋ ስር ይመጣል። «ነገርሽልኝ?» ይላታል። ዛሬ ደግሞ ጨርቁ ገላዋ ላይ ነው።

«እማዬ፣ ስሙን ለቄስ መዝገቡ ልንገራቸው።»

የአበበች እጅ ቆመ። «አብደሻል? አጠገቡ እንደነበርን ይታወቃል። የመንግሥት ንብረት ሰረቀች ብለው ቢያስሩኝስ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «በጥምቀት ከእኩዮችሽ እንዳታንሺ ብዬ እኮ ነው።»

 እቴነሽ ቀስ ብላ ቀሚሱን አወለቀች፤ አሮጌውን ለበሰችና ወጣች። እናቷ ቀሚሱን እንደያዘች ቀረች።

ቄስ መዝገቡን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ ያ ወታደር ወልደ ገብርኤል ነው ስሙ።»

«ማን ነገረሽ፣ ልጄ?»

«ራሱ። ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትሽስ?»

«አልነበረችም» አለች እቴነሽ። «ብቻዬን ነበርኩ።»