የወፌ ተረከዝ

ሁለት እህትማማቾች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሳሎኗ ምድር ቤት፣ መኖሪያዋ ከሳሎኑ በላይ። ታናሿ መጋረጃ እየሰፋች ትተዳደራለች፤ ከባሏ፣ ከልጇና ከእናታቸው ጋር የምትኖረው ከእህቷ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። እናትየው እዚያ የገቡት ትርፍ ክፍል ስለነበረ ብቻ ነው። ታላቂቱ ግን ይህን አንድም ቀን አምና አታውቅም።

«እማዬ የምትወደው እሷን ነው» የሚል እሾህ ከልጅነቷ ጀምሮ አንጀቷ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። ታናሿ ቀድማት ስታገባ ከሁሉ ሰው በላይ እልል አለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። ታናሿ አዲስ ምንጣፍ ያነጠፈች ቀን የእሷ ምንጣፍ በአንዴ አረጀባት። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ጎረቤት ሲታመም ቀድማ ደራሽ፣ ደንበኛ ሲከፋው አጽናኝ ናት። ቅናት መቼም የደግ ሰው ቤት ነው ብሎ አይመለስም፤ ሳያንኳኳ ይገባል።

እንዳጋጣሚ ሁለቱም በተቀራራቢ ጊዜ አርግዘው ወለዱ፤ ታላቂቱ ወንድ፣ ታናሿ ሴት። ወንዱ መቆም ሲጀምር ቤተሰቡ «ወፌ ቆመች!» እያለ ሲያጨበጭብለት ሰነበተና መጠሪያው በዚያው ወፌ ሆኖ ቀረ። ሴቷ ጉንጯም ክንዷም ሞላ ያለ ስለነበር ድንቡሼ ተባለች። ሁለቱም ሲራመዱ በእግራቸው ጣቶች ጫፍ ነበር። አያትየው «ምን ሊሰርቁ ነው እንዲህ ኮቴ አጥፍተው የሚሄዱት?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ድንቡሼ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ተረከዟን አወረደችና ቤቱን በዱብዱብታ ሞላችው። ወፌ ግን በጣቶቹ ጫፍ እንደቆመ ቀረ።

ፀጉር ሠሪዋን ይህ አላሳሰባትም፤ እንዲያውም አኮራት። ድንቡሼ በሁሉ ነገር ትቀድመው ነበር። ጥርስ ቀድማ አበቀለች፣ ቀድማ አወራች፣ ማንኪያም ቀድማ ያዘች። አያትየው እነዚህን ወሬዎች ከላይ እየወረዱ ሲያወሩላት ፈገግ ብላ ትሰማቸውና ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። አሁን ግን ሳሎን ውስጥ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የተቀመጡ ሴቶች ወፌን እያዩ «ውይ፣ አረማመዱ ሲያምር! ይሄማ ዳንሰኛ ነው የሚወጣው» ይሉ ጀመር። በመጨረሻ የእሷ ልጅ አንድ ነገር በለጠ። ደንበኛ በገባ ቁጥር «ወፌ፣ እስቲ ሂድላቸው» ትለዋለች።

አንድ እሑድ ታናሿ ቤት ምሳ ተጠርተው ሄዱ። ልጆቹ ጭቃ ተለቅልቀው ሲገቡ ታናሿ ሁለቱንም ሳፋ ውስጥ አቁማ እግራቸውን ታጥብ ጀመር። የድንቡሼ እግር ሳፋው ላይ ልጥፍ ብሎ ተቀመጠ። ወፌ ግን የአክስቱን ትከሻ ይዞ ቢቆምም ተረከዙ ከፍ እንዳለ ነው። ቀስ አድርጋ ወደ ታች ጫን ብታደርገው ልጁ ወደ ኋላ ሊወድቅ ሆነ። ባቱን ዳሰሰችው፤ ጠጥሯል።

ዕቃ ሊያጥቡ ማድቤት ሲገቡ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪኝ። የወፌ ተረከዝ ወደ ታች ሲጫኑት እንኳ መሬት አይነካም። ሐኪም ቢያየው ጥሩ ይመስለኛል።»

«ያንቺዋስ በጫፏ አልሄደችም?»

«ሄዳለች። ያኔ ለክትባት ስወስዳት ጠይቄ ነበር። ‹ሲጀምሩ ያለ ነው፤ ሁለት ዓመት አልፏት ካልተወች አምጫት› አሉኝ። እሷ ተወችው፤ ወፌ ግን ይኸው ሦስት ሊሞላው ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ከተባለው ሁሉ ጆሮዋ የያዘው «እሷ ተወችው» የሚለውን ብቻ ነበር።

«አዎ፣ ያንቺዋ ሁሌም ደህና ናት! የኔ ልጅ ባንድ ነገር ቢበልጥ፣ እሱንም በሽታ ልታደርጊብኝ? ሰው ሲያደንቀው አንገበገበሽ አይደል?»

«ኧረ እትዬ! እኔ እንዲህ አስቤ…»

«እኔ ልጄን አውቀዋለሁ!»

ወፌን ብድግ አድርጋ ወረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ወደ ላይ እንዳትወጣ» የሚል ሕግ ወጣ። እናትየው ሊያስታርቁ ቢወርዱ «መጀመሪያ ልጅሽን ምከሪ» ብላ መለሰቻቸው። የፀጉር ሠሪዋ ባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ነገር የማይወድ ሰው። አንድ ቀን ጫማውን እያሰረ «ቢታይ ምን ይጎዳል?» አላት።

«አንተም የእሷን ቃል ትደግምልኝ ጀመር?»

ሰውየው ለቤቱ ሰላም ብሎ ዝም አለ። የልጅን ሕመም አይቶ ዝም ማለት ግን ሰላም አይባልም፤ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ፀጉር ሠሪዋም ማየት ጀምራለች። የወፌ ጫማ ከፊቱ ቶሎ ይቀደዳል፤ ከኋላው አዲስ ነው። እየሮጠ ሳለ ይደፋል። አመሻሹ ላይ «እግሬን፣ እሹሩሩ በይኝ» እያለ ያለቅሳል። እሷ ግን ሐኪም ቤት መውሰድ ማለት ለእህቷ «ልክ ነበርሽ» ብሎ እጅ መስጠት መሰላት። ተረከዙ ወፍራም የሆነ ጫማ ገዝታ አጠለቀችለት። ጫማው የልጁን ተረከዝ አላወረደውም፤ አለመውረዱን ብቻ ሸፈነላት። በሳሎኑ መስኮት ድንቡሼ ከአባቷ ጋር ስትሯሯጥ ባየች ጊዜም መጋረጃውን ትስባለች። መጋረጃውን የሰፋችው ራሷ ታናሿ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ ያበግናታል።

በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

አንድ ረፋድ ላይ የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ሳለ ወፌ በጓሮ በር ሾልኮ ወጣ። ድንቡሼ ደረጃው ላይ ሆና ስትጠራው ሰምቶ ነበር። ናፍቃው ስለነበር ደረጃውን እየተጣደፈ ወጣ፤ ሊደርስ ሲል የእግሩ ጫፍ ከደረጃው ጠርዝ ተንሸራተተና ቁልቁል ተንከባለለ። ጩኸቱን ሰምታ ቀድማ የደረሰችው አክስቱ ናት። አገጩ ተሰንጥቆ ደሙ ደረቱን አልብሶታል። ወደ ሳሎኑ «እትዬ፣ ድረሺ!» ብላ ጮኸችና ልጁን አቅፋ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ታክሲ አስቁማ በረረች።

ፀጉር ሠሪዋ በሌላ ታክሲ ዘግይታ፣ እጇ ላይ የሻምፑ አረፋ እንደደረቀ ሐኪም ቤት ደረሰች። ወፌ አገጩ ተሰፍቶ፣ የአክስቱን አንገት አንቆ ተቀምጧል። «ና ወደ እናትህ» ብትለው ፊቱን አዞረ። በዚያች ቅጽበት፣ የልጇ ደም እህቷ ቀሚስ ላይ እያለ፣ መጀመሪያ የተሰማት ድንጋጤ አልነበረም። ቅናት ነበር። «ልጄንም ወሰደችብኝ» አለች በሆዷ። ይህን ማሰቧ ራሷን አስፈራት።

ሐኪሟ ልጁን በባዶ እግሩ አስኬደችው። አጋድማም ጉልበቱን ቀጥ አድርጋ የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ ገፋችው፤ እሺ አላለም።

«እንዲህ መሄድ የጀመረው መቼ ነው?»

«ከመጀመሪያው» አለች ፀጉር ሠሪዋ በሰለለ ድምፅ።

«ነገሩን ያስተዋለ ሰው አልነበረም?»

ታናሿ ያን ጊዜ «ነግሬያት ነበር» ብትል ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን መሬት መሬቱን እያየች «ሁላችንም ይተወዋል ብለን ነው» አለች።

ፀጉር ሠሪዋ እህቷን ቀና ብላ አየቻት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ባላጋራ የቆጠረቻት ሰው፣ ማሸነፊያው እጇ ላይ ሳለ ጣለችው።

«አይደለም፣ ዶክተር» አለች። «እሷ አስተውላ ነግራኛለች፤ አንድ ዓመት ሊሆነው ነው። ያላመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

ሐኪሟ ወቀሳ አልጨመረችባትም፤ ወንበር ሳበችላት።

«ያኔ ቢመጣ ምናልባት ጅማቱን በማፍታታት ብቻ ይስተካከል ነበር። አሁን የተረከዙ ጅማት አጥሯል። የነርቭ ወይም የጡንቻ ችግር እንዳይኖርበት እናጣራለን። ከሌለበት ጄሶ እናስርለታለን፤ በየጊዜው እየቀየርን እግሩን ቀስ በቀስ እናወርደዋለን። እሱ ካልበቃ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። ግን አሁንም አልረፈደም።»

«የእህቴ ልጅም በጫፏ ትሄድ ነበር፤ መጀመሪያ እሷን እያየሁ ነው የተታለልኩት» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አይፈረድብዎትም። መራመድ ሲጀምሩ ብዙ ልጆች እንዲህ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሁለት ዓመት አካባቢ ይተዉታል። ከዚያ ካለፈ ግን ማሳየት ነው። ባቱ ከጠጠረ፣ ቶሎ ቶሎ ከወደቀ ወይም ነገሩ በአንድ እግሩ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓመት እስኪሞላውም አይጠበቅም። በደህና ሲራመድ ቆይቶ ድንገት በጫፉ የጀመረ፣ ወይም አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅ ከሆነም እንደዚያው።»

ምርመራው ሌላ ችግር አላሳየም። ወፌ ሁለት እግሩን ጄሶ ታሰረ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እያለቀሰ አሳለፋቸው፤ አባቱ የሥራ ፈረቃውን እየቀየረ አዘለው፤ እናቱ እያባበለች አብራው አለቀሰች። ጄሶው ሲወጣ በየቀኑ እግሩን የሚያፍታቱበትን እንቅስቃሴ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አሳያቸው። ልጁ ከእናቱ ጋር እምቢ፣ ልትጠይቀው ከምትወርደው ከድንቡሼ ጋር ሲሆን ግን እሺ ይላል። ስለዚህ ፀጉር ሠሪዋ አንድ ቀን ደረጃውን ወጥታ የእህቷን በር አንኳኳች።

«እርዳታሽን ፈልጌ ነው» አለች፤ ቀጥላም «ይቅርታሽንም።»

ታናሿ የስፌት መኪናዋን ክዳን ዘግታ ተነሣችና አቀፈቻት። እናትየው ከጓዳ ብቅ ብለው አይተው ተመለሱ።

እናንተ ወላጆች፣ ቅናት ጠፋላት ብለን አንዋሻችሁ። ዛሬም ድንቡሼ ስትሮጥ ስታይ ያው ስሜት ብቅ ይልባታል። ልዩነቱ፣ አሁን ስሙን ታውቀዋለች፤ ለልጇም እንዲወስንለት አትፈቅድለትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት የገዛ በሽታውን ለሚደብቅ ሰው ነው። የልጁን የሚደብቅ ግን ዕዳውን የሚከፍልለት ሌላ ነው፤ ያውም ራሱን ሐኪም ቤት መውሰድ የማይችል። ልጆቻችንን አናወዳድር፤ እንያቸው። ሌላ ሰው ቀድሞን ካየላቸውም የተናገረውን እንመዝን እንጂ ተናጋሪውን አንመዝን።

ወፌ ተረከዙን አስነክቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተራመደው በሕክምናው ክፍል ውስጥ ነው። ቀኙ ልክ ብሎ አረፈ፤ ግራው ገና ትንሽ ይቀረዋል። ከግድግዳው ጥግ ተነሥቶ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ መጣ፤ የመጣውም ወደ አክስቱ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ልትቀበለው የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ከእህቷ ጎን ተንበረከከችና እግሩን ብቻ እያየች «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ወደ አክስትህ ና!» አለችው።