አባባ ድምፃቸውን ያስቀመጡበት ዲስክ

«ማን ንካ አለህ? እኮ ማን ንካ አለህ?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትል መቀሷን እንኳ ከእጇ አላስቀመጠችም። ፊት ለፊቷ ድርቅ ብሎ የቆመው የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ፣ የኔትወርክ ቴክኒሻኑ ነው። ከኪሱ ገመድ ስለማይጠፋ ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል። ከደረጃ ሰላምታ አልፈው ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረ ቢባል ማን ያምናል!

ነገሩ ወዲህ ነው። ከመስፊያ መኪናዋ አጠገብ መዳፍ የምታክል፣ የቤቱ ሰርቨር የሆነች ኮምፒውተር አለች። ከእሷ ጋር በተያያዘው ዲስክ ላይ የቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ተቀምጧል፤ ሁሉም በየስልኩ ይከፍተዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የአባቷ ድምፅ ነው። አባባ ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ሊደረጉ ሲሉ፣ «ምናልባት ባልናገርስ?» ብለው ለሠርጓ ቀን የሚሆን ምርቃት ቀድተውላት ነበር። የፈሩት ደረሰ፤ ድምፃቸው አልተመለሰም።

ሰሞኑን ሰርቨሩ መቆራረጥ ጀመረ። እናቷ «ያን የላይኛውን ልጅ ጥሪው» አለቻት። መጣ። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሶፍትዌሩን አፕዴት አደረገ፣ አጥፍቶ አስነሳው። የአባባ ፎልደር ባዶ!

«ሌላ ቦታ ቅጂ የለሽም?» አላት።

ደሟ ፈላ።

«አጥፍተህ ስታበቃ ጥፋተኛዋ እኔ ልሁን? ሰው ቤት ገብቶ ያላዘዙትን መነካካት ምን የሚሉት ድፍረት ነው!»

«እኔ ምንም አላጠፋሁም...»

«ባዶ ነው እኮ! ዓይን የለህም?»

አባባ ከሶፋው ላይ ሆነው እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«ይተዉኝ አባባ፣ ለእሱ አያማልዱ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። የሶፋውን ክንድ በቡጢ ደበደቡ። አልዞረችም።

ሽቦ ግን አያቸው።

«ሳልጠይቅ መንካት አልነበረብኝም፤ ለእሱ ስደቢኝ። ግን እባክሽ... አባትሽ የሚሉሽን እዪ።»

ዞረች። አባባ ስልካቸውን ከነቻርጀሩ ከፍ አድርገው ይዘዋል። ወፍራሙን፣ የኮምፒውተሯን ቻርጀር! ቶሎ ይሞላልኛል ብለው ወስደው፣ በቦታው የራሳቸውን ቀጭን ቻርጀር ሰክተውበት ኖሯል። ጣታቸውን ወደ ደረታቸው ቀሰሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ሽቦ ግንባሩን መታ።

«ኃይል አንሶት ነዋ! ዲስኩ መነሳት አቅቶት ነው ባዶ የመሰለን። መጀመሪያ ይህን ማየት ሲገባኝ ወደ ሶፍትዌሩ ሮጥኩ።»

ቻርጀሩ ቦታው ተመለሰ። ዲስኩ እያጉረመረመ ተነሳ። የአባባ ፎልደር እንዳለ ነበር፤ አንድ ፋይል አልጎደለም።

አሁን ደግሞ በራሷ ተናደደች። ድምፃቸው ጠፋ ብላ ስትጮህ፣ አጠገቧ ሆነው የሚነግሯትን አባቷን አልሰማ አለች! ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባባ ፀጉሯን ዳበሷት።

ሽቦ ገመዱን ኪሱ ከትቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ደረሰችበት።

«ይቅርታ... ስናደድ አፌን አላውቀውም።»

«ከስድቡ ግማሹ ይገባኛል።»

«ግማሹ ብቻ?» ሳታስበው ሳቀች።

«ነገ ሁለተኛ ዲስክ ይዤ ልምጣ? ቅጂ እናስቀምጥለት። ይኸው፣ አሁን አስፈቀድኩ።»

«ተፈቅዷል» አለችው፤ ፊቷ ቀላ።

ቅጂውን ለማስቀመጥ አንድ ከሰዓት ይበቃ ነበር። ሽቦ ግን ዓመቱን ሙሉ ተመላለሰ፤ አንዴ ገመዱ ላላ፣ አንዴ አቧራ ገባ ይላል። እናቷ «የታመመው ዕቃው ነው ወይስ አንተ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

የሠርጋቸው ቀን አባባ ራሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ነኩት። ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው።

«ልጄ፣ ሙሽራ ሆነሽልኛል። አጠገብሽ ያለውን ሰው አላውቀውም...»

አባባ የገዛ ድምፃቸውን «አይደለም» ሊሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነስተው የሽቦን እጅ ያዙና ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ሙሽራዋ በዚህኛው ጊዜ ጀርባዋን አልሰጠቻቸውም፤ አየቻቸው።