ያልተቀመጡት ሽማግሌ

አሎራ፣ እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ እትዬ አብረኸት ቡና ቤት ነው። ያኔ አገር ቤት ደርግ ነው፤ ሮም የቀረ ሀበሻ ሁሉ እዚያች ቤት ነበር የሚሰበሰበው። አንድ ቀን የቡና ማሽኑ እምቢ አላቸው፤ እትዬ አብረኸት ተናደው ለሁለት ጠጋኝ ቤት ደወሉ።

ካንዱ ኢርማ መጣች። አባቷ ጋሽ ሊኖ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ክልስ ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከሌላው ማንደፍሮ መጣ፤ ለትምህርት መጥቶ አገሩ መመለስ ያቃተው፣ ማሪዮ የሚባሉ ሮማዊ ጋ የሚሠራ ልጅ።

ሁለቱ ቤቶች ባላንጣ ናቸው። ዋናው ሥራ ላይ ሲደርሱ ምስጢራቸውን ማንም እንዳያይ የሱቃቸውን መዝጊያ ያወርዳሉ። እዚህ ምን ይወርዳል? ኢርማ ጀርባዋን ሰጥታው የሚያፈሰውን ማሸጊያ ቀየረች። እሱ ደግሞ ጃኬቱን እንደ ድንኳን ጥሎ ውሃ ማፍያው ቦይለር ላይ የጋገረውን ኖራ አጠበ።

«አላይም፤ አትሸማቀቂ» አላት።

«ብታይስ ምን ይገባሃል?» አለችው። ዓይኗን ግን ቶሎ ከላዩ አላነሳችም።

የሚገርመው፣ የሌላው ሰው ማሽን ሁሉ በየጊዜው ተበላሽቶ ሲመለስ የእትዬ አብረኸት አልተመለሰም። ሁለቱ ግን «ማሽኑን እንይ» እያሉ መመላለስ ጀመሩ። እትዬ አብረኸት፣ ማሽኔስ ደህና ነው፣ የታመማችሁት እናንተ ናችሁ ይሏቸው ነበር።

ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ፣ የቅመሙ መደብር መሀል ሲዞሩ ይመሻል። ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፣ ስለ ሙያቸው ብቻ ዝም።

በኋላ ማሪዮ ደንበኛ ሸሻቸው። የሚጠግኑት ሁሉ ውሃ ያፈሳል፤ ልዘጋው ነው አሉ። ሱቁ ከተዘጋ የማንደፍሮ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱም አለቀ ማለት ነው፤ ደርግ ወንድሙን ወደወሰደበት አገር ደግሞ እንዴት ይመለሳል?

«ማሸጊያውን እንዴት እንደምንሠራው ልንገርህ» አለችው ኢርማ።

ጆሮውን ያዘ። «አትንገሪኝ። ሰርቄሽ በየትኛው ዓይኔ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልኬ ላስጠይቅሽ?»

ለጋብቻ «ላስጠይቅሽ» ያላት ገና ያኔ ነው።

ማንደፍሮ ሮም ውስጥ ዘመድ የለውም። የእትዬ አብረኸት ደንበኛ፣ ሮም ያለው የዓለም እህል ድርጅት ሠራተኛ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስና ማሪዮ ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። ማሪዮ እንኳን ወጉን ሊያውቁ፣ ገና ከመግባታቸው ወንበር ስበው ዘፍ አሉ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ በዓይን ጠቀሷቸው፤ ወዴት ሊገባቸው። ኢርማ ከኩሽናው በር ኋላ ከንፈሯን ነከሰች።

ጋሽ ሊኖ «ምን አመጣችሁ?» ሲሉ ማሪዮ ቀደሙ። ልጁን ከማጣ ምስጢሬን ላጣ ብለው፣ ኖራውን በትኩስ የሎሚ ጭማቂ እንዴት እንደሚያስለቅቁ፣ ውሃው ሳይበርድ ለምን መገልበጥ እንዳለበት አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። በምላሹ ምንም አልጠየቁም።

ጋሽ ሊኖም ጋ የተጠገነው ማሽን በኖራ ታፍኖ ነበር የሚመለሰው። ከዚያ ተነሥተው አንድ ማሸጊያ አመጡ። አዲስ አበባ ጋራዥ መለዋወጫ ሲጠፋ የለመዱት ነው፤ ቆዳውን በሞራ ነክረው ስስ ጎማ ያለብሱታል። ማሪዮ እያገላበጡ አዩት። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ኖራ የማይዘው፣ ውሃ የማያፈስ አዲስ ቦይለር በእርሳስ መሳል ጀመሩ። አንዱ ሲሰርዝ ሌላው ሲጨምር፣ ሌላ ሰው መኖሩንም ረሱት።

በቃ፣ ስለኔ ማንም አላነሳም አለች ኢርማ በሆዷ።

ጋሽ ሊኖ ቀና ሲሉ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ እዚያው በሩ ጋ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እርስዎ ለምን አይቀመጡም?»

«የመጣሁበትን አላገኘሁማ።»

ጋሽ ሊኖ እርሳሱን አስቀመጡ፤ ወደ ኩሽናው በር አዩ። ኢርማ ብቅ አለች፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጉንጯ ቀልቶ።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ይቀመጡ» አሉ ጋሽ ሊኖ።

ያ ቦይለር በኋላ ስንቱን ቡና ቤት አዳረሰ። ሁለቱ ሱቆችም አንድ ሆኑ። ማሪዮም ጋሽ ሊኖም አሁን የሉም፤ ኢርማና ማንደፍሮ ግን ሱቃቸውን ከፍተው ይሠራሉ፣ መዝጊያው እስከ ላይ እንደተሰቀለ ነው። በሩ ጋ አንድ ባዶ ወንበር አለ። የጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ነው፤ እሳቸው እንደሆኑ ዛሬም ሲመጡ፣ ኢርማ «ይቀመጡ» ካላለቻቸው አይቀመጡም።