የረዘመው መቋሚያ

መሪጌታ ሐብተ ማርያም በቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። አናታቸው ተፈንክቷል። ከጎናቸው መቋሚያ ተጋድሟል።

ያገኟቸው ባለቤታቸው እማማ ፍቅርተማርያም ናቸው፤ ጠዳ ከተማ ለልቅሶ ውለው ሲመለሱ።

ጎረቤታቸው ሐምዛ ወዲያው ታሰረ። ረፋዱ ላይ ሁለቱ በአጥር ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ሰፈርተኛው ሰምቷል።

ኢንስፔክተር ይመኙሽ ደረጃው ላይ ተቀምጣ መሣል ጀመረች። ጫማቸውን። የተደፋውን ጣሳ። መቋሚያውን።

"ስልክሽ ካሜራ የለውም እንዴ?" አላት ኮንስታብል አንዱዓለም።

"አለው። እኔ ግን ካልሣልሁ አላይም።"

"እንግዲያው እኔንም ሣዪኝ፤ ምናልባት አንድ ሴት ታየኝ ይሆናል።"

አልሳቀችም። እርሳሷ ቆሟል።

የዚህ ደብር ሊቃውንት መቋሚያቸውን እንደየቁመታቸው ያስቆርጣሉ፤ ማኅሌቱ ሲረዝም ብብታቸው ሥር አስገብተው ይደገፉታል። ሟቹንና መቋሚያውን ጎን ለጎን ስትሥላቸው ግን እንጨቱ ከአጭሩ ሽማግሌ አናት በለጠ።

ልጃቸው ኪዳነወልድ በሩን ሞልቶ ቆሟል። እሱም የደብሩ ዘማሪ ነው።

"የዛሬው የንግሥ ዋዜማ ላይ ነበርህ?" አለችው።

"ነበርሁ።"

"አባትህ ምነው ቀሩ?"

"አሟቸው ነበር።"

"መቋሚያህን አምጣ።"

ከበሩ ኋላ አወጣው። ከወገቡ ብዙም አላለፈም።

"በዚህ ነው ተደግፈህ የቆምኸው?"

እናቱ ከውስጥ ወጡ።

"ነገ ንግሡን የሚመራው አንተ ሳትሆን ደቀ መዝሙሬ ነው አሉኝ" አለ ኪዳነወልድ፣ መሬት መሬት እያየ። "ድጓውን ከእግራቸው ሥር የተማርሁት እኔ። ገፋ አደረግኋቸው። ገፋ ብቻ።"

"ምነው ሰው አልጠራህ?"

"ለዋዜማው ደወል ተደወለ። ያገኘሁትን መቋሚያ አንሥቼ ሄድሁ፤ ለካ የሳቸው ኖሯል።"

"ሐምዛን ሲወስዱትስ?"

አንዱዓለም የኪዳነወልድን እጆች ወደ ኋላ አድርጎ አሰረው።

እማማ ፍቅርተማርያም የባለቤታቸውንና የመቋሚያውን ሥዕል ከይመኙሽ እጅ ወሰዱ። ደጋግመው አዩት።

"ሸጋ አድርገሽ ሣልሽው። በእርሳስ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እርሳስ ይጠፋል አይደል፣ ልጄ? ሌላ ልጅ የለኝም።"

"ሐምዛ ጣቢያ ነው ያለው፣ እማማ።"

"እሱንስ አውቃለሁ" አሉ። ወረቀቱን ግን አልለቀቁም። ይመኙሽም መቀማት አቃታት።