የታደለ ዕድል

ፈለቀ የፍየሉን ቅልጥም ወደ አፉ አስጠግቶ መጠጠው። ድምፁ ከጓዳው አልፎ እስከ ሱቁ በር ድረስ ይሰማል። መቅኑ አልወጣ ሲለው አጥንቱን በሳህኑ ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገና እንደገና መጠጠ። ከዚያ ቅባት የጠገበውን ጣቱን ወደ ብዙወርቅ ቀሰረ።

«አንቺ የምትይው አጭር ነው» አላት። «ሴትዮዋ ምንም ትበል ምን፣ አንቺ ‹በልጄ ደስ ብሎኛል፣ ሄዶ ይማርልኝ› ብለሽ ታስተረጉሚያለሽ። በቃ። ገባሽ?»

ብዙወርቅ ዓይኗን ከአጥንቱ አሽሽታ ወደ በሩ አየች።

«ገብቷታል፣ ጓድ ፈለቀ» አለ አባቷ ጎሳዬ፣ ከሥጋው ለስላሳውን መርጦ ለእንግዳው እያጎረሰ። «ልጄ እኮ ብልህ ናት። በዚያ ላይ ለገዛ ወንድሟ ነው።»

ወንድሟ ደምሰው ከጎኗ ተቀምጧል። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቷል። ከፊቱ የቀረበውን ምግብ አልነካም።

ብዙወርቅ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ፣ በአባቷ ሱቅ ውስጥ ነው። ቅቤና ማር ሊሸጡ በሚመጡ የበና አርብቶ አደር ሴቶች ጀርባ ላይ እየታዘለች፣ ከልጆቻቸው ጋር አፈር እየፈጨች ስላደገች ቋንቋቸውን እንደ አማርኛዋ አድርጋ ትናገራለች። ዛሬ የተፈለገችውም ለዚሁ ነበር። በከተማው ቋንቋውን የሚችል ሰው ጠፍቶ አይደለም። የሚችለው ሰው ሁሉ ግን እውነቱን ያውቃል።

እውነቱ ይህ ነው። ባለፈው ሰኔ ጂንካ ትምህርት ቤት አንድ ወሬ ገባ። ኬንያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከአርብቶ አደር ቤተሰብ ተወልዶ ዐሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ለጨረሰ አንድ ተማሪ ሙሉ የትምህርት ዕድል ይሰጣል ተባለ። የትምህርቱ ክፍያ፣ መኝታው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ፣ ከዚያም በላይ የኪስ ገንዘብ። ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ሳይሆን የግል ነው ሲባል ተማሪው ሁሉ ሳቀ። «ዩኒቨርሲቲም እንደ ሱቅ ባለቤት አለው እንዴ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። አስተማሪው አብያተ ክርስቲያናት እንዳቋቋሙትና ለጋሾች ለችግረኛ ተማሪዎች እንደሚከፍሉ ሲያስረዳቸው ግን የሁሉም ዓይን ወደ ታደለ ዞረ።

ታደለ የበና ልጅ ነው። እቤቱ ስሙ ባርጊ ነበር፤ ታደለ ያሉት አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ አስተማሪዎቹ ናቸው። ከደምሰው ጋር አራት ዓመት ሙሉ ጂንካ አንድ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተው፣ በአንድ ኩራዝ አጥንተዋል። ውጤት ሲመጣ ታደለ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣ። ደምሰው ወደቀ።

ዓመቱ 1982 ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱ ከየመንገዱ የሚታፈስበት ጊዜ። ነሐሴ እንደገባ፣ አፈሳው ከመጀመሩ በፊት፣ ፈለቀ በሾፌር በኩል ‹ልጅህን ደብቅ› ብሎ ለጎሳዬ መልእክት ላከለት። ፈለቀ ጂንካ ያለ ሹም ነው፤ የተማሪዎች ጉዳይ በእጁ ያልፋል። ጎሳዬም ልጁን መጋዘን ውስጥ፣ ከቡና ጆንያው ጀርባ ደበቀው። በነጋታው ጠዋት ታደለ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለዕድሉ ጉዳይ ጂንካ ስለተጠራ ጓደኛውን አብሮት እንዲሄድ ሊጠይቀው ነው የመጣው።

«ደምሰው የለም?»

«የለም» አለው ጎሳዬ። እጁ ስኳር ይመዝን ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም፤ ስለ አፈሳውም አላስጠነቀቀውም።

ብዙወርቅ ያን ጊዜ አጠገቡ ቆማለች። አባቷ ለምን እንደዋሸ አልገባትም ነበር። ታደለ ብቻውን ጭነት መኪና ላይ ወጣ፤ ጂንካ ሲወርድ አፋሾቹ ያዙት። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የሰማ የለም።

አሁን ደግሞ ቦታው ባዶ ስለሆነ ደምሰው ሊቀመጥበት ነው። በታደለ ስም፣ በታደለ ውጤት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የተማሪውን ወላጅ በአካል የሚያይ ወኪል ከአዲስ አበባ ይልካል።

አንዲት ላንድሮቨር ከቀትር በኋላ መጣች። የወረደችው አስካለ የምትባል መነጽር ያደረገች፣ አቧራ የጠጣች ሴት ናት። ሁሉንም እየዞረች ጨበጠች። ጎሳዬ የሱቁን ወንበሮች በረንዳው ላይ ደረደረ፤ ፈለቀ እጁን በመጋረጃው ጠርጎ ወጣና እንደ ባለቤት አስተናገዳት።

የታደለ እናት ዱካ ቀድማ ደርሳለች። ሌሊት ተነሥታ ነው በእግሯ የመጣችው። በዛጎል ያጌጠ የቆዳ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር ተቀብታ፣ ከበረንዳው በታች መሬት ላይ ተቀምጣለች። ለእሷ ወንበር ያቀረበ የለም።

«ትንሽ ፈንጠር ትበል» ብሎ አባቷ ለብዙወርቅ በጆሮዋ አንሾካሾከላት። «እንግዳዋን ጠረኗ ያውካታል።»

ዱካ በየሳምንቱ ቅቤ የምታመጣለት ሴት ናት። ያን ቅቤ ሲሸጥ ጠረኑ አውኮት አያውቅም። ብዙወርቅ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ጥርሱ መሃል የፍየል ሥጋ ተሰክቷል። ፊቷን አዞረች።

ዱካ ደምሰውን ስታየው ፊቷ በራ። እሱ እኮ ከልጇ ጋር እየመጣ ወተቷን የጠጣ፣ ከቤቷ ያደረ ልጅ ነው። አጠገቧ እንዲቀመጥ መሬቱን መታ መታ አደረገችለት። ፈለቀም በዓይኑ ገፋው። ደምሰው ሄዶ ተቀመጠ። እሷም ፀጉሩን ዳስሳ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«የእናት ነገር» አለች አስካለ ፈገግ ብላ። ቦርሳዋን ከፍታ ካሜራ አወጣች። «እንዲህ እንዳሉ ባነሣቸው ጥሩ ነበር። ለጋሾቹ ከነባህላዊ ልብሷ ቢያዩአት ደስ ይላቸዋል። ግን መጀመሪያ ላነጋግራት። ልጅሽ ይህን ዕድል በማግኘቱ ምን ተሰማሽ? በይልኝ።»

ብዙወርቅ ወደ ዱካ ዞረች። ጥያቄውን እንዳለ መጠየቅ አልቻለችም፤ «ሴትዮዋ ሰላም ትልሻለች» ብቻ አለቻት።

ዱካ ተጠጋቻት። «ይቺ ሴት ስለ ባርጊ ወሬ ይዛለች ብለው ነው የጠሩኝ» አለች። «በሕይወት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ብዙወርቅን ያያሉ። ፈለቀ በጥፍሩ ጥርሱን ይጎረጉራል።

«በልጄ ደስ ብሎኛል፣ ሄዶ ይማርልኝ ነው የምትለው» አለች ብዙወርቅ።

ቃሉ ካፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ምራቅ የዋጠች ያህል ተሰማት። አስካለ ግን ራሷን ነቅንቃ ያላችውን ጻፈች። አባቷ በረጅሙ ተነፈሰ። ፈለቀ «ጎበዝ» አለ ቀስ ብሎ። ከሁሉ ያስጠላት ይቺ «ጎበዝ» ነበረች።

ዱካ የሚጻፈውን እያየች ነው። ልጇ የተጻፈ ነገር ሲያነብ አይታለች፤ ስለ እሱ የሚጻፍ መስሏት ዓይኗ ተስፋ ሞላው። «ነገርሻት?» አለች ብዙወርቅን። «ምን አለች? ልጄን የት ነው የወሰዱት? ክረምት ነው፣ ልብስ አልያዘም።»

ደምሰው ይህን ሰማ። የበናን ቋንቋ እንደ እህቱ አይሁን እንጂ ይህን ለመረዳት አያንሰውም። ራሱን ይበልጥ ደፋ። የዱካ እጅ አሁንም ትከሻው ላይ ነው፤ አላነሣውም፤ ልጠይቅላት ብሎም አፉን አልከፈተም። ብዙወርቅ ወንድሟን አየችው። በልጅነቷ የወዪጦን ወንዝ ጎርፍ አዝሎ ያሻገራት ወንድሟ ነው። ከተያዘ እሱም እንደ ታደለ ጠመንጃ ተሰጥቶት ወደማያውቀው ተራራ እንደሚሄድ ታውቃለች። ለእሱ ፈራች። ያም ሆኖ ያቺ እጅ ትከሻው ላይ እንዳለች መቀመጡን ስታይ ፊቷን ወደ አስካለ መለሰች።

«አሁንስ ምን አለች?» አለች አስካለ።

ብዙወርቅ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«‹ልጄን የት ነው የወሰዱት? ክረምት ነው፣ ልብስ አልያዘም› ነው የምትለው።»

መጀመሪያ የሳቀው ፈለቀ ነው። «ሕፃን ናት እኮ፣ ወይዘሮ አስካለ። ቋንቋውን በቅጡ አትችለውም። እኔ ሌላ ሰው አስጠራለሁ።»

«ቆይ» አለች አስካለ። መነጽሯን አውልቃ ብዙወርቅን አየቻት። «ይህ ልጅሽ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂያት።»

«ብዙዬ» አለ ደምሰው ድምፁ ተሰብሮ።

ብዙወርቅ ጠየቀቻት። ዱካ ቀልድ መስሏት ሳቀች፣ የደምሰውንም ጉንጭ ቆነጠጠች።

«የባለ ሱቁ ልጅ ነው፣ የልጄ ጓደኛ። እንደ ልጄ ነው፣ ወተቴን ጠጥቷል ትላለች» ብላ ብዙወርቅ አስተረጎመች። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት «የእሷ ልጅ ታደለ ነው። ታፍሷል። ቅድም የነገርኩዎት ውሸት ነው፤ እንዲህ በይ ተብዬ ነው» አለች።

አስካለ ካሜራዋን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ፈለቀም አልቆየም። ልጁን እሱም እንዳላወቀው፣ የባለ ሱቁ ቤተሰብ እንዳታለለው እያጉተመተመ ኮፍያውን አንሥቶ ሄደ። ገና እጁ ላይ የጎሳዬ ፍየል ሽታ አልጠፋም ነበር።

አስካለ ላንድሮቨሯ ውስጥ ከገባች በኋላ ብዙወርቅን ጠራቻት።

«መስከረም ሳያልቅ ልጁ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ አገር ተማሪ ነው የሚሰጠው» አለች። «አዲስ አበባ ስደርስ ያለበትን እንዲያጣሩልኝ እጠይቃለሁ። ይለቁታል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። ለእናቱም እንዲሁ ንገሪያት።»

መኪናዋ ስትሄድ ጎሳዬ ሴት ልጁን አልመታትም። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሱቁ አስገባ። የመጨረሻውን ሲያነሣ «ወንድምሽን ቀበርሽው» አላት።

ደምሰው በሩ ላይ ቆሟል። አዲሱን ሸሚዙን ላቡ ጀርባው ላይ አጣብቆበታል።

«አንቺ ወንድ ብትሆኚ ይገባሽ ነበር» አላት። «እኔ ታደለን አሳልፌ አልሰጠሁትም። አባዬ ነው የለም ያለው።»

«በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅህ ሰምተኸው ነበር?»

ዓይኑን ሰበረ። «ሰምቼዋለሁ» አለ። «ድምፁን ሰምቼዋለሁ።»

ብዙወርቅ ከወንድሟ ጋር ልትጣላም፣ ልታቅፈውም አልቻለችም። በአጠገቡ አልፋ ወጣች።

ዱካ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ሳትሰናበታት በመሄዷ ፊቷ ላይ የነበረው ተስፋ ከስሟል። ብዙወርቅ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። ‹ልጅሽ ይመጣል› ብላ ብቻ ልትሸኛት ትችል ነበር። አላለችም። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ወታደር ሆኖ እንደተወሰደ፣ ስሙን ለሌላ ሊሰጡት እንደነበር፣ ሴትዮዋ ያለበትን ልታጣራ እንደሄደች፣ እሷም ራሷ አንድ ጊዜ እንደዋሸችባት። ዱካ ሳታቋርጣት ሰማች። ደምሰው ጋ ስትደርስ ብቻ ቅድም ፀጉሩን የዳሰሰችበትን እጅ የቆዳ ልብሷ ላይ ደጋግማ ጠረገችው።

ከዚያ ተነሣች። «ጂንካ እሄዳለሁ» አለች። «እዚያ ካሉት አንዱ የት እንዳለ ያውቃል። አንነግርሽም ቢሉኝ በራቸው ላይ እተኛለሁ።»

«ማን ያነጋግርልሻል?»

ዱካ የጂንካን መንገድ አየት አድርጋ መራመድ ጀመረች።

ብዙወርቅ ወደ ሱቁ ዞራ ተመለከተች። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ‹ግቢ› ይላታል። ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም፤ ከወዪጦ በኩል የሚመጣ ጭነት መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ሲወጣ ይሰማል። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀችና ዱካን ለመድረስ ፈጠን ፈጠን ብላ ተራመደች። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ብዙወርቅ መኪናውን ለማስቆም እጇን ዘረጋች።