ልብስ ሰፊውን ማን ፈወሰው?

ልብስ ሰፊው የሞተው እግሩ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ እንዳለ፣ ግንባሩን ግማሹ በተሰፋ ኮት ላይ ደፍቶ ነው። እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ሬሳ አልቃሽ ይፈልጋል፤ ሚስቱና ታላቅ እህቱ ግን ከለቅሶው በፊት ጠብ አማራቸው።

«በዱቄትሽ ገደልሽው!» አለች እህትየዋ።

«እኔ? የገደለውማ ያንቺ እንክብል ነው፣ እትዬ!»

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠቻቸው። ወንፊት ይሏታል፤ ወሬው ያልፋታል፣ ፍሬው እጇ ላይ ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ካቻምና ልቡን አሞት ለጥቂት ተርፎ የኮሌስትሮል ክኒን ታዘዘለት። ክኒኑ ልቡን ሲጠብቅለት ጭኑንና ባቱን ይጠዘጥዘው ጀመር። የስፌት መኪና በእግሩ ለሚያሽከረክር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሚስቱ የማግኒዥየም ዱቄት ገዛችለት። እህቱ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች፤ ኮኪዩ ቴን የሚሉትን ውድ እንክብል ይዛ መጣች። ከዚያ ሕመሙ ጥርግ ብሎ ጠፋ፤ የሁለቱ ሴቶች ቅናት ግን ብሶ አረፈው።

ወንፊት ሚስቲቱን ጠየቀቻት።

«ሕመሙ በምን ተወው?»

«በእኔ ዱቄት ነዋ! በጥብጬ፣ እላዩ ላይ ቆሜ ነው የማጠጣው። እሷ መጥታ ስሙን ወሰደችብኝ እንጂ።»

«ቅር አለሽ?»

«ቅር? አንገበገበኝ! ‹እህቴ፣ እህቴ› ሲል ያን ካውያ አንስቼ…» አለችና አፏን ያዘች።

እህትየዋ ደረቷን ነፍታ ነው የጠበቀቻት።

«ወንድሜን ያዳንኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ ትናንት የመጣች ሴት በዱቄት ልትፈውስልኝ? የእኔን እንክብል ሲውጥ ነው የተነሳው!»

«የሐኪሙን ክኒንስ ማን ይሰጠው ነበር?»

«ራሱ ይወስዳል። መሳቢያው ውስጥ ከክሩ ጋር ነው የሚያስቀምጠው። ሚስቱም ታገኘዋለች።»

ሦስተኛው ሸሪኩ ነው፤ ጨርቅ ቆራጭ ስለሆነ መቀስ ይሉታል።

«ትወደው ነበር?» አለችው።

«እውነቱን ልንገርሽ? ደንበኛው ሁሉ ‹እሱ ይስፋልኝ› ሲል ሆዴ ይቃጠላል። ግን ሆድ ማቃጠል ቢገድል ኖሮ ሟቹ እኔ ነበርኩ።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አላየህበትም?»

«ክኒኑን ድሮ በውኃ አጣድፎ ነበር የሚውጠው። አሁን አሁን ምላሱ ላይ አድርጎ እየመጠጠ ይሰፋል። ‹ምነው?› ስለው ‹ፋብሪካው ጣፋጭ አደረገው መሰለኝ› አለኝ።»

ወንፊት መሳቢያውን ስባ ብልቃጡን አሸተተችው። ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ለማንም ሳትተነፍስ ለምርመራ ላከችው።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱንም እዚያው ልብስ ስፌት ቤቱ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ መርዝ አላገኘም፤ ልቡ ነው የቆመው» አለች። «እኔ ግን አንድ ነገር አውቄያለሁ። የእግሩን ሕመም ያጠፋለት ሰው ነው የገደለው። እስቲ፣ ማን ነበር ያዳነው?»

መቀስ ወለሉን አየ። ሚስትየዋ እንባዋ እየወረደ ተነሳች።

«እኔ ነኝ! ከፈለግሽ እሰሪኝ። ያዳነው የእኔ ዱቄት ነው፤ ንጹሕ ለመሆኑ እዚሁ ልጠጣልሽ!»

«ይኸው አመነች» አለች እህትየዋ ቶሎ ብላ። «የእኔ እንክብልማ ባዶ ነው። እንኳን ሊፈውስ ለወጉም አያስታግስ።»

«ያን ዕለት አዳንኩት ስትይኝ አልነበር?»

እህትየዋ ነጠላዋን አጣፋች።

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ» አለች ወንፊት። «አንዳንዱ ሰው በእነዚህ ነገሮች ተሻለኝ ይላል፤ ጥናቱ ግን አይስማማም። ዱቄቱም እንክብሉም ይህን ሕመም እንደሚያስታግሱ አልተረጋገጠም። ታዲያ ሕመሙ እንዲያ ድራሹ ሲጠፋ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። ያሳመመው ክኒኑ ነበር፤ ክኒኑ ቀረ፣ ሕመሙም ቀረ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው የሚመጠጥ ቫይታሚን ሲ ነው። በደሙም ውስጥ የልብ ጠባቂው መድኃኒት አልተገኘም።»

«ማንም ሊቀይረው ይችላል!»

«ይችላል። መቀስ ቢቀይረው ግን ምን ይጠቅመዋል? ሰውየው ሲሻለው ደንበኛው ሁሉ ተመለሰለት። ሚስቱ ብትሆን ዱቄቷ ብቻውን ሳለ ትቀይረው ነበር፤ እሱ ግን የተነሳው ያንቺ እንክብል ከመጣ ወዲህ ነው። ደግሞም ይህቺ ሞኝ ዱቄቴ አዳነው ብላ እስር ቤት ልትገባ ነው፤ ከልቧ ታምናለች። እንክብሉ ባዶ መሆኑን አንቺ ያወቅሽው ግን ሕመሙን ያጠፋው ምን እንደሆነ ስላወቅሽ ነው።»

እህትየዋ የሟቹ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«እንክብሉን የሸጠልኝ ሰው ነው ‹ክኒኑን ካቆመ ሕመሙ ይተወዋል፤ ግን ያለ ሐኪም እንዳትነኩት› ያለኝ። ጥቂት ጊዜ ብቻ ብዬ ነበር የቀየርኩት። መልሼ ልከትለት ስል ደግሞ ሕመሙ ይመለሳል፣ እሷ ትስቅብኛለች። እንዲሞትብኝ አልፈለግኩም! እጄን ይዞ ሳመኝ፤ አመሰገነኝ…»

ወንፊት ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። ሚስትየዋ መንገዱን ዘጋች። መቀስ ልትመታት ነው ብሎ መሃል ገባ።

«እጅሽን ሲስም ምን አለሽ?» አለች ሚስትየዋ። «ለእኔ እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። ቃል በቃል ንገሪኝ፣ እትዬ።»

እህትየዋ ቀና ብላ አየቻት።

«አልነግርሽም» አለች። «እሱስ የእኔ ነው።»